ከሚጣለው የእንጨት ትራፊ ከሰል ስለ ማዘጋጀት



ከልዩ ልዩ አጥቢያዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ይኸውም፦ በጭሮ (በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበደሳና በገለምሶ ከተሞች ከአናጢ ቤት የሚወጣው የእንጨት ትራፊ፣ በቡና መፈልፈያ ግቢ የተከመረው ገለፈት፣ ከጫት ተራ የሚጠረገው እንጨት እንዲሁ ሲበሰብስና ሜዳ ላይ ሲቃጠል እናያለን፤ ይህን ከሰል አድርጎ ችግረኛ እናቶች እንዲሸጡት ማድረግ አይቻልም ወይ? የሚል ነው። አንዳንዱ አጥቢያ ከዚህም አልፎ ለመጭመቂያ መሣሪያ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ መጀመሩን ጽፎልናል። የፍቅር ሥራ ነውና ደስ ብሎናል። ሆኖም ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ስለ ታየን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ባጭሩ ለመመለስ፣ ይቻላል። ነገር ግን ከማንኛውም ትራፊ አይደለም፤ በመጀመሪያ የሚያስፈልገውም መሣሪያ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የተጓዘ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። አዋሽን ተሻግሮ በአሰቦትና በሚኤሶ ቆላ አድርጎ ወደ ጨርጨር ደጋ ሲወጣ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ አፉ በቅጠል የተከደነ ከሰል በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ያያል። ይህ ከሰል የሚመጣው በአብዛኛው ከቆላው ግራር ነው። በከተሞቻችን ወጥ የሚሠራበትና ቡና የሚፈላበት እርሱ ነው፤ ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት እንኳ መብራቱ ሲጠፋ ዞሮ መግቢያው ከሰል ነው። ከሰል አክሳዩን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ማሽላው ሳያፈራ ሲቀርና ከብቱ ሲያልቅ፣ ለብዙ የምዕራብ ሐረርጌ ቤተሰብ የቀረው መተዳደሪያ መጥረቢያ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ከቀያቸው ተፈናቅለው በዞኑ ከተጠለሉት ወገኖች መካከልም ማገዶ ሸጠው ልጆቻቸውን ለማብላት የሞከሩ ነበሩ። ስለዚህ ስለ ከሰል ስንናገር ስለ ዛፍም ስለ እንጀራም በአንድነት መናገራችን ነው።

ለመሆኑ ከሰል ምንድን ነው? እንጨት አየር እያገኘ ሲነድ አመድ ይሆናል። አየር ተከልክሎ ሲግል ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ውኃ በእንፋሎት ይወጣል፤ መጀመሪያ የምናየው ነጭና ወፍራም ጭስ በአብዛኛው ይህ ነው። ከዚያ ሙቀቱ ወደ 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ የእንጨቱ አካል ራሱ ይፈራርሳል፤ ሬንጅ፣ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽና የሚነድ ጋዝ እየለቀቀ ከራሱም ሙቀት ይሰጣል። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሲደርስ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ቀላል፣ ጥቁር፣ ሲያጋጩት እንደ ሸክላ የሚጮኽ፣ ሲነድ ጭስ የማያበዛ፤ ከሰል ማለት ይህ ነው።

የቆላ ከሰል አክሳዮች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። እንጨቱን ከምረው በሣርና በአፈር ይደፍኑታል፤ የጭሱን ቀለም እያዩ ቀዳዳ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉም። ጭሱ ነጭ እስከ ሆነ ድረስ ይጠብቃሉ፤ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ከሰሉ ራሱ መንደድ ሊጀምር ነውና ይደፍኑታል። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። በሚገባ በተሠራ ማክሰያ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳቡ ካልገባን ፕሮጀክቱ በሙሉ መንገድ ይስታልና። የሙቀት መለኪያው ሜጋጁል ይባላል። በፀሐይ የደረቀ እንጨት በኪሎ ወደ 16 ሜጋጁል ያህል አለው፤ ጥሩ ከሰል ደግሞ ወደ 28። እንግዲህ 10 ኪሎ የጫት እንጨት 160 ሜጋጁል ይዟል እንበል። በሚገባ ብናከስለው 2 ኪሎ ተኩል ከሰል እናገኛለን፤ ይህም 70 ሜጋጁል ነው። የቀረው 90 በጭስና በማክሰያው እሳት ሄደ። ማክሰል ሙቀትን አይጨምርም፣ ይቀንሳል እንጂ። የምናገኘው ጥቅም ማገዶው ጭስ የማያበዛ፣ ለመሸከምና ለማስቀመጥ የሚመች፣ ለከተማ ምድጃ የሚስማማ መሆኑ ነው። ለዚህ ጥቅም የምንከፍለው ዋጋ ግን ከግማሽ የሚበልጠውን ሙቀት ነው። ይህን ዋጋ መክፈል የሚገባን ማንም ለማይነካው ነገር ብቻ ይመስለናል።

ስለዚህ ትራፊ የምንለው ነገር የማን ትራፊ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የማሽላ አገዳን እንውሰድ። ከጭሮ ወጣ ብሎ ለሚኖር ገበሬ አገዳ ትራፊ አይደለም። ስሙ አገር የሞላው የሐረር ሰንጋ የሚቀለበው በማሽላው ቅጠልና አገዳ ነው፤ ጎጆና አጥር የሚሠራው በእርሱ ነው፤ የቀረው ደግሞ ከምጣድ ሥር ይገባል። የጫት እንጨትም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጫት መቃምን እንደማታበረታታ ይታወቃል። ቅጠሉ ከተሸጠ በኋላ የሚቀረው እንጨት ግን በጨርጨር ገጠር የእናቶች ማገዶ ነው፤ ገራባውንም ቢሆን ፍየል ይበላዋል።

በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚሄድ ይገመታል። እንጀራ ደግሞ በከሰል አይጋገርም፤ ምጣዱን በሙሉ የሚያለብስ ነበልባል ይፈልጋል። እንግዲህ ከምጣድ ሥር የሚገባውን ጭራሮ ሰብስበን ከሰል ብናደርገው ለከተማው ቡና ማፍያ አገኘን፣ የገጠሯን እናት ግን ማገዶዋን ወሰድንባት ማለት ነው። በሰራፕታ ከተማ በር ጭራሮ ስትለቅም የነበረችውን መበለት (1ኛ ነገሥት 17) ሁላችን እናስታውሳለን። ነቢዩ ያገኛት የመጨረሻ እንጎቻዋን ልትጋግር ስትሰናዳ ነበር። ጭራሮዋን የሚሰበስብባት የልማት ሠራተኛ አልመጣባትም! ለእንጀራው ችግር የሚሻለው ነበልባሉን ዙሪያውን ዘግቶ የሚይዘው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ነው፤ ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ በሰፊው እንጽፋለን።

ታዲያ በእውነት የሚጣለው የቱ ነው? የመጀመሪያው እጅግ ቅርብ ከመሆኑ የተነሣ የማናየው ነው፤ እርሱም የከሰል ድቃቂ ነው። ከሰል ከቆላ እስከ ከተማ ገበያ ሲጫን፣ ሲወርድ፣ ሲገለበጥ ይሰባበራል። ከአሥር እጁ አንዱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠው ደቅቆ ከከረጢቱ ሥር ይቀራል። ሻጮቹ ጠርገው ከደጅ ይደፉታል፤ ዝናብ ሲመጣ ጥቁር ጎርፍ ሆኖ ወደ ቦይ ይገባል። ይህ ድቃቂ አንድ ጊዜ ከስሏል። ዛፉ ተቆርጧል፣ ጭሱ ወጥቷል፣ የመጫኛው ዋጋም ተከፍሏል። የቀረው ማጣበቅ ብቻ ነው። ከላይ ያልነው ሒሳብ እርሱን አይነካውም፤ ምክንያቱም የሚጠፋው ሙቀት ቀድሞ ጠፍቷል። ጌታችን ሕዝቡን ካበላ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ ማዘዙን (ዮሐንስ 6) የምናነብ ሰዎች ከዚህ መጀመር የሚከብደን አይመስለንም።

ሁለተኛው የአናጢ ቤት ትራፊ ነው፤ እርሱ ግን መለየት ያስፈልገዋል። የባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ቁርጥራጭ ደኅና አድርጎ ይከስላል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባሉት ጣውላዎች ግን ዛሬ በየአናጢው ቤት ቢበዙም እንጨት ብቻ አይደሉም፤ የእንጨት ድቃቂ በኬሚካል ሙጫ ተጋግሮ የተሠሩ ናቸው፤ ጭሳቸውም ጎጂ ነው። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው ጣውላ እንዲሁ ነው። እነዚህ ከጆንያው ውስጥ አንድ በአንድ ተለቅመው መውጣት አለባቸው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ሳይለቀም ቢቀር መጀመሪያ የሚጎዳው ማክሰያው አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው።

ሰጋቱራውስ? ብዙዎች የሚጠይቁን ስለ እርሱ ነው፤ የሚታየው ክምር እርሱ ነውና። ሰጋቱራ በበርሚል ውስጥ በሚገባ አይከስልም። እርስ በርሱ ተጠቅጥቆ አየር ስለሚዘጋ ከላይ ይነዳል፣ ከውስጥ ጥሬውን ይቀራል። የግድ ማክሰል ካስፈለገ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ፣ በምስማር የተበሳ አንድ ቀዳዳ ትቶ፣ ቆርቆሮውን በሌላ እሳት መካከል ማስቀመጥ ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ጋዝ እንደ ሻማ ይነዳል፤ መንደዱን ሲያቆም ሥራው አልቋል ማለት ነው። ነገር ግን ለሰጋቱራ የሚሻለው ድሮም የሚታወቀው የሰጋቱራ ምድጃ ነው። በጣሳ መካከል ጠርሙስ አቁሞ ሰጋቱራውን ዙሪያውን መጠቅጠቅ፣ ጠርሙሱን በቀስታ መንቀል፣ ከሥር በተከፈተው ቀዳዳ ማቀጣጠል። ጭስ ቢኖረውም ለሰዓታት ይነዳል፤ ማክሰልም ማጣበቅም አያስፈልገውም። ብዙ ባቄላ ለሚቀቅል ቤት ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ሦስተኛው የቡና ገለፈት ነው። የሐረርጌ ቡና ከነገለፈቱ ደርቆ የሚፈለፈል ስለ ሆነ መፈልፈያ ባለበት ሁሉ ገለፈት ይከመራል። ጥቂቱ በየቤቱ ለመጠጥ ይፈላል፤ የቀረው ይበሰብሳል ወይም ይቃጠላል። ትልቁ ጥቅሙ በአንድ ቦታ መገኘቱ ነው። ትራፊን ከየመንደሩ መልቀምና ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ በወረቀት ላይ ያማሩ ብዙ ዕቅዶች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሄንሪ ፎርድ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመኪናው የሚሆነውን እንጨት ከሚሰነጥቅበት ፋብሪካ የሚወጣው ትራፊ ቢበዛበት አክስሎ፣ ፈጭቶ፣ በስታርች አጣብቆ ሸጠው። ዛሬ በዚያ አገር ኪንግስፎርድ በሚል ስም የሚሸጠው ከሰል ከዚያ የመጣ ነው። ደን በተራቆተባት በሄይቲ ደግሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ከአገሬው ጋር ሆነው ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ከሰል የማውጣትን ዘዴ በአንድ አሮጌ በርሚል ብቻ አሳይተዋል። በናይሮቢም የከሰል ሻጮችን ድቃቂ ሰብስቦ በሸክላ አፈር እያጣበቀ የሚሸጥ ድርጅት ተቋቁሞ ሠርቷል። በአገራችን ስለ እርሻ ትራፊ ብሪኬት የሙከራ ፕሮጀክት የዓለም ባንክ የኃይል ፕሮግራም በ1979 ዓ.ም. ጥናት አውጥቶ ነበር። (ብሪኬት የሚባለው ተጨምቆ ቅርጽ የያዘው ማገዶ ነው፤ ቃሉን ከዚህ በኋላ እንጠቀምበታለን።)

ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ ግን በሰሜን በኩል ያለው የአፋር ጎረቤታችን ነው። በአሚባራና በገዋኔ የግጦሹን መሬት የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እያከሰሉ እንዲሸጡ ተፈቅዶ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ መጤው ዛፍ ይቀንሳል፣ ሰውም ገንዘብ ያገኛል። ነገር ግን በዚያ ሽፋን አገር በቀሉ ግራር ጭምር መቆረጡ አስቸገረ፤ ከሰል ከሆነ በኋላ የየትኛው ዛፍ እንደ ነበረ መለየት ያዳግታልና ክልሉ ወደ መከልከል ሄደ። በእኛም ዘንድ አንድ አጥቢያ «የትራፊ ከሰል» ብሎ መሸጥ ሲጀምር ገበያው ቢከፈትለትና ትራፊው ቢያልቅበት መጥረቢያው ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ድቃቂን ያስቀደምንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከከሰል ሻጭ ደጅ ከሚጠረገው በላይ ሊገኝ አይችልምና ራሱን በራሱ ይወስናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ድቃቂው በመጀመሪያ በወንፊት ይነፋል፤ ቀዳዳው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። የማያልፈው ጉልበት ሳያስፈልገው በዱላ ይወቀጣል። ከመሬት የተጠረገ ድቃቂ አፈር ይዞ ይመጣል። አፈሩ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ እፍኝ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ መጨመርና ማማሰል ነው፤ አፈሩ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሰሉ በአብዛኛው ይንሳፈፋል ወይም ዘግይቶ ይዘቅጣል። አፈር የበዛበትን አትግዙ፤ አፈር አይነድም።

የእንጨት ቁርጥራጭ ወይም ገለፈት ማክሰል ለሚፈልጉ የበርሚሉ ዘዴ ይበቃል። የ200 ሊትር በርሚል ሥሩ ተበስቶ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቆማል፤ ከላይ ሰፊ አፍ ይከፈትለታል። በደረቅ ትራፊ ተሞልቶ ይለኮሳል። ገለፈት ከሆነ ከቁርጥራጭ እንጨት ጋር እያፈራረቁ መሙላት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እንደ ሰጋቱራ ይታፈናል። መጀመሪያ ወፍራም ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሳስቶ ነበልባሉ ሲበረታ ጉልቻዎቹ ይወጣሉ፣ በርሚሉ መሬት ይይዛል፣ ሥሩ ዙሪያውን በአሸዋ ይደፈናል፣ አፉም በክዳንና በጭቃ ይታተማል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ይልቁንም በርሚሉ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ። ቸኩሎ የከፈተ ሰው ከሰሉ ዐይኑ እያየ አመድ ይሆንበታል። በርሚሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደ ነበረም ይጠየቅ፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ማጣበቂያው ብዙ ያከራክራል። ከሰል በራሱ አይጣበቅም። በመጻሕፍት የሚገኘው ምክር ስታርች ነው፤ ለ10 ኪሎ ድቃቂ ግማሽ ኪሎ ያህል የበቆሎ ዱቄት እንደ ቀጭን አጥሚት አፍልቶ ማላወስ። ይጣበቃል፣ በደንብም ይነዳል። ነገር ግን የእርዳታ እህል በሚሰፈርበት ወረዳ ዱቄት ወደ እሳት መጨመር ኅሊናችን አይቀበለውም፤ የሚያይ ጎረቤትም ይታዘበናል። የወፍጮ ቤት ወለል ጥራጊ ከተገኘ መልካም ነው። ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ሞላሰስ ያጣብቃል፤ ሆኖም ለከብት መኖ ይፈለጋል፣ ማጓጓዣውም አለ። እኛ የምንመርጠው ሸክላ አፈርን ነው፤ ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት። አፈሩ ሌሊቱን በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ ለ10 ኪሎ ድቃቂ ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ይለወሳል። ጉዳቱ አልተሰወረም፤ አመዱ ይበዛል፣ ሙቀቱም ከንጹሕ ከሰል ያንሳል። ጥቅሙ በቀስታ መንደዱ ነው። ሽሮ ለማንተክተክ ወይም ባቄላ ለመቀቀል ይህ ጠባይ ይመረጣል፤ ቡና ለመቁላት ግን አይመችም።

ልውሱ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ውኃ ካላንጠባጠበ ደርሷል። እንደ ሎሚ ማድበልበል ይቻላል፤ ኩበት ጠፍጥፋ ላደገች ሴት ማስተማርም አያስፈልጋትም። መጠኑ አንድ እንዲሆን ከተፈለገ የቱቦ ቁራጭና በውስጡ የሚገባ የእንጨት መግፊያ ይበቃል። ከዚያ ማድረቅ ነው፤ ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከጥላ ሥር ማዋል ይሻላል፤ በድንገት ፀሐይ የመታው ይሰነጠቃልና። ከዚያ እንደ አየሩ ሁኔታ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን በፀሐይ ይሰጣል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ብሪኬት ያጨሳል፣ ሙቀቱንም የራሱን ውኃ ለማትነን ይጨርሰዋል። መድረቁን የምናውቀው በዐይን አይደለም፤ በሚዛን ነው። ትናንትና የተመዘነው ዛሬ ካልቀነሰ ደርቋል። ከወገብ ከፍታ ሲለቁት ካልተሰበረም ለገበያ ይሆናል።

ሲነድም የራሱ ወግ አለው። ብሪኬት ቶሎ አይያዝም። በፈርኔሎው ላይ ጥቂት የተለመደ ከሰል አቀጣጥሎ ከላይ መደርደር ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተስፋፋው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው «ላቀች» ምድጃ ለዚህ ይስማማል። እየነደደ ሳለ በብረት መቆስቆስ አይገባም፤ በሸክላ የተጣበቀ ብሪኬት አመድ ከሆነ በኋላም ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ከቆሰቆሱት ግን ፈርሶ አየሩን ይዘጋል።

አሁን የምንናገረውን በየጉባኤው እንድታነቡልን እንለምናለን። ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ከሰልም ሆነ ብሪኬት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። በቀስታ የሚነድ ፍም ደግሞ ይህን ጋዝ በብዛት ይለቃል። ጭሮ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ኩኒ ሲወጣ ብርዱ ይብሳል፤ በሌሊት ፈርኔሎ ወደ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። የአራስ ቤት ሲሆን ደግሞ መስኮቱ ጭምር ይደፈናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ሰው በዚህ ሁኔታ ቢገኝ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ብሪኬት ከምድጃ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት እንዳይገባ፣ በሚሸጥበት ስፍራ ሁሉ ለገዢው በቃል ይነገር። በአማርኛም በኦሮምኛም ይነገር። ይህን ሳያደርግ የሚሸጥ አጥቢያ ባይሸጥ ይሻላል።

ስለ መሣሪያው የተጻፈልንን ወደ መመለስ እንመጣለን። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጠመዝማዛ መጭመቂያ በቀን ብዙ ይሠራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት በትራፊው ውስጥ ባለው አሸዋና አመድ እየተፋቀ ቶሎ ያልቃል፤ ይህ ችግር በብዙ አገር የታየ ነው። መለዋወጫው ከሩቅ ይመጣል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል። ከዚህም ሌላ መሣሪያ የሚበላውን ይፈልጋል። የጭሮ ከሰል ሻጮች ድቃቂ ለአንድ ሳምንት ከበቃው በኋላ ቀሪውን ሦስት ሳምንት ምን እናበላዋለን? የእጅ መጭመቂያ ግን በከተማው ብረት በያጅ ይሠራል፣ ሲሰበርም እርሱ ይጠግነዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ለጊዜው በእጃችሁ ይቆይ።

ድቃቂውን ዛሬ በነጻ ስላገኛችሁት ነገም በነጻ እንደምታገኙት አታስቡ። ፈላጊ ሲመጣ ዋጋ ያወጣል፤ ማውጣቱም መልካም ነው፤ ሻጮቹ ራሳቸው ድሆች ናቸውና። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቂት ዋጋ እየከፈላችሁ ሒሳቡን ሥሩ። ከተቻለም ሥራው የእነርሱ ይሁን፤ ቀን ከሰል የምትሸጥ ሴት በማግሥቱ ድቃቂዋን ጠፍጥፋ አድርቃ ከከሰሉ ጎን ብትደረድረው፣ አዲስ ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ ይህ ይቀላል። የመንግሥትንም ሕግ እናክብር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 አለ፤ ብሪኬትም በኬላ ላይ ከከሰል አይለይም። ከከተማ ወደ ከተማ ከመጫናችሁ በፊት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ደብዳቤ ያዙ።

ሙከራ ለመጀመር የሚሻለው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲቆም ነው፤ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ማድረቂያ ፀሐይ አይጠፋም። የምትፈልጉት አንድ ወንፊት፣ አንድ ባልዲ፣ ለማስጫ የሚሆን አሮጌ ቆርቆሮ ወይም ሰሌን፣ እንዲሁም ሚዛን ነው። ሚዛኑ አይቅር። ሁለት አንድ ዓይነት ፈርኔሎ አዘጋጁ፤ በአንዱ ግማሽ ኪሎ የገበያ ከሰል፣ በሌላው ግማሽ ኪሎ ብሪኬት አድርጋችሁ እኩል ውኃና እኩል ባቄላ ጣዱ። የምታበስለው የልማት ሠራተኛው ሳይሆን በቤቷ ዘወትር የምታበስል እናት ትሁን። የትኛው ቀድሞ እንደ ፈላ፣ የትኛው እስከ መቼ እንደ ነደደ፣ ስንት አመድ እንደ ቀረ፣ በመጨረሻም እናቲቱ በራሷ ገንዘብ ትገዛው እንደ ሆነ ጽፋችሁ፣ የድቃቂውንና የከሰሉን የዚያን ቀን ዋጋ ጨምራችሁ በየጣቢያችሁ አስተባባሪ በኩል ላኩልን።